ለጠባብ ግቢ የሚሆን ትልቅ ቁጥቋጦ፦ ከአበባው በፊት ምን እንይ?

ክረምቱ ሲቃረብ በአዲስ አበባ የወንዝና የመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫዎች ገዢ ይበዛባቸዋል። ብዙ ሰው የሚፈልገው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ከበር ሲገባ ዓይን የሚይዝ፣ ቅጠሉ ሰፊ ወይም አበባው ለየት ያለ፣ እንግዳ ሲመጣ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” የሚያሰኝ ተክል። ችግኙ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ሳለ ቁመቱ ክንድ ስለማይሞላ የትም ቢተከል የሚበቃው ይመስላል። አራት አምስት ዓመት ሲያልፍ ግን ያው ተክል አጥር ሲገፋ፣ የጎረቤትን ግቢ ሲያጨልም ወይም ሥሩን ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ሲሰድ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ውሃ ማጠጫ ሳይሆን መጥረቢያ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለውበቱ የተተከለው ቁጥቋጦ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ መርዛማ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሰፊ ግቢ ያለው ሰው የምርጫ ስህተቱን ሌላ ተክል ከፊቱ ተክሎ ሊሸፍነው ይችላል። ግቢው ሦስት በአራት ሜትር ብቻ የሆነ ሰው ግን እያንዳንዷን ክንድ መሬት ማሰብ አለበት። ስለዚህ ለጠባብ ግቢ ትልቅ ቁጥቋጦ ሲመረጥ አበባው የመጨረሻው መስፈርት መሆን አለበት። ከእርሱ በፊት ተክሉ ሲያድግ የሚይዘው ቦታ፣ የሥሩ ጠባይ፣ መርዛማ መሆን አለመሆኑና የቅጠሉ መልክ መታየት አለባቸው። አበባ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ቢታይ ነው፤ ቅጠል ግን ዓመቱን ሙሉ ከዓይናችን አይለይም።

“ጠንካራ ተክል” ለእኛ አገር ምን ማለት ነው?

በአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት “ጠንካራ” የሚባለው ተክል በረዶ የሚችለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ጥንካሬ የሚለካው በሦስት ፈተናዎች ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ተራራ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊት የሚወርደው ብርድ ነው። በተለይ ቀዝቃዛ አየር በሚተኛባቸው ዝቅ ያሉ ቦታዎች ውርጭ የለስላሳ ተክሎችን ቅጠል ያጠቁራል።

ሁለተኛው ፈተና ረጅሙ በጋ ነው። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ ይወርድና ከጥቅምት በኋላ መሬቱ ይደርቃል። ያን ጊዜ የቧንቧ ውሃም በፈረቃ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ካልጠጣ የሚሞት ተክል ለብዙዎቻችን ግቢ አይሆንም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ እርሱም የክረምቱ ውሃ ነው። መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁርና የሚያጣብቅ አፈር ከሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ይቋጥራል። በጋውን የቻለ ተክል ክረምት ላይ ሥሩ በስብሶ ሊሞት ይችላል። በበጋ ደግሞ ይኸው አፈር ይሰነጣጠቅና ሥር ይበጥሳል። ችግኝ ከመግዛት በፊት የራስን አፈር ማወቅ ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ነው። ውሃው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ አፈሩ ደህና ነው፤ በማግስቱም ካለ ተክሉ ከፍ ባለ መደብ ላይ መተከል አለበት።

ቦታውን በገመድ ለኩ

ችግኝ ሻጩን “ስንት ብር ነው?” ከማለት በፊት “ሲያድግ ጎኑ ስንት ሜትር ይሆናል?” ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ቁመትን ሁሉም ይጠይቃል፤ ጠባብ ግቢን የሚያጣብበው ግን የጎን ስፋት ነው። ጎኑ 2 ሜትር የሚሆን ቁጥቋጦ 3 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ይይዛል። ለተክል የተተወው ቦታ 12 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ መተላለፊያና መተንፈሻ ሲቀነስለት ከእንዲህ ያለው ቁጥቋጦ የሚይዘው ሁለት ቢበዛ ሦስት ነው። በችግኝነቱ ግን አሥር የሚበቃ ስለሚመስል ብዙ ሰው አሥር ይተክላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ካስማ ትከሉና የተክሉን የወደፊት ስፋት ግማሽ በሚያህል ገመድ ዙሪያውን ክብ አስምሩ። ክቡ የበሩን መተላለፊያ፣ የመኪና መግቢያውን ወይም የልብስ ማስጫውን ከነካ ተክሉ ለቦታው ትልቅ ነው ማለት ነው። ከአጥርም ቢያንስ የስፋቱን ግማሽ መራቅ አለበት። ቅርንጫፉ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ቅጠል የሚያራግፍ፣ አሸንዳውን የሚዘጋ ወይም ፀሐዩን የሚከለክል ከሆነ ነገሩ ከውበት አልፎ የጎረቤት ሐቅ ይሆናል። አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ሊተክል ሲል አስቀድሞ ጎረቤቱን ቢያማክር ብዙ ቅሬታ ይቀራል።

ሥርን በተመለከተ፣ ለጠባብ ግቢ ከማይመከሩት አንዱ በትልልቅ አንጸባራቂ ቅጠሎቹ ተወዳጅ የሆነው የጎማ ዛፍ ነው። በማሰሮ ውስጥ የቤት ጌጥ ነው፤ መሬት ሲነካ ግን ከሾላና ከዋርካ ጋር አንድ ወገን ስለሆነ ትልቅ ዛፍ ይወጣዋል። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ቧንቧና ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይሄዳል፣ ንጣፍም ያነሣል። ግንዱ ሥር የሚያብጠው ትልቁ ዩካም ከግድግዳ ርቆ ካልተተከለ በኋላ ለመንቀል አስቸጋሪ ነው።

ከውበቱ በስተጀርባ መርዝ ያላቸው

ይህ ክፍል ሕፃናት ላሉበት ቤት ብቻ ሳይሆን መድረሳና መዋእለ ሕፃናት ላለበት ግቢ ሁሉ የሚሆን ነው። ለአረፋ የተገዛ በግ በግቢ ታስሮ የሚቆይባቸው ቤቶችም ሊያስቡበት ይገባል፤ የተራበ በግ ያገኘውን ቅጠል ይቀጥፋልና።

ኦሊያንደር የሚባለው ቁጥቋጦ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ፣ ድርቅን እጅግ የሚችል ተክል ነው። በየአውራ ጎዳናው ዳር ስለሚታይ ሰው ለቤቱም ይመርጠዋል። ሆኖም ከቅጠሉ እስከ ሥሩ ሁለመናው የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለበት። ጥቂት ቅጠል ሰውንም እንስሳንም ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ቅርንጫፉን ማቃጠልም ጭሱ ስለሚጎዳ አይገባም።

ብሩግማንሲያ ረጅም የመለከት ቅርጽ ያለውን ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሮዝ አበባዋን ወደ መሬት የምታንጠለጥለዋ ቁጥቋጦ ናት። መዓዛዋ ሲመሽ ይበረታል። የአስተናግር ዘመድ ስትሆን እንደ እርሱ ቅዠት፣ የልብ ምት መፍጠንና ራስን መሳት ታስከትላለች። ጉሎም ቅጠሉ የተዘረጋ እጅ የመሰለ፣ በተለይ ቀዩ ዓይነት እጅግ የሚያምር ተክል ነው፤ ነገር ግን የልጅ ዓይን የሚስበው ዥንጉርጉር ፍሬው ከተቆረጠመ ከባድ መርዝ ነው።

ቅንጭብና ቁልቋል ደግሞ ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ እይታን ሊጎዳ ይችላል። በግቢው እነዚህ ያሉት ሰው ሲከረክማቸው ዓይኑን ሸፍኖ፣ ጓንት አድርጎ መሆን አለበት። የወፍ ቆሎ የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም አበባ ቁጥቋጦም ለበግና ለከብት መርዝ ነው። ከዚህም በላይ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ስለሚበትኑት ከግቢ ወጥቶ የግጦሽ መሬት የሚወር አረም ሆኗል።

አንድ ልጅ ከእነዚህ አንዱን ከዋጠ በግድ ማስታወክ አይገባም። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጥቶ፣ የተክሉን ቁራጭ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ሐኪሙ መርዙን እንዲለይ የሚረዳው ቁራጩ ነው። ወተቱ ዓይን ከገባም ሳያሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ለየት ያለ መልክ ከየት ይመጣል?

“ለየት ያለ” ሲባል ብዙ ሰው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተክል ያስባል። የሩቅ አገር ስሜት የሚሰጠው ግን የተክሉ ቅርጽ ነው፦ በጣም ሰፊ ቅጠል፣ እንደ ሰይፍ የቆመ ቅጠል ወይም ያልተለመደ የአበባ አቀማመጥ። እነዚህ ሁሉ ከአገራችን ተክሎች መካከል አሉ። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ኮባ ነው።

ኮባ ወይም እንሰት በደቡብ የሚሊዮኖች ምግብ ነው፤ በሌላውም አካባቢ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ እንሰት ለአውሮፓ አንባቢ ጽፎ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ ቀይ ቅጠል ያለው የእንሰት ዓይነት ከሚፈለጉት የጌጥ ተክሎች አንዱ ነው። አትክልተኞች በበጋ ውጭ አውጥተው፣ ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት እያስገቡ ያሳድጉታል። እነርሱ እንዲህ የሚደክሙለት ተክል እኛ ግቢ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ይቆማል።

ለጠባብ ግቢ ኮባ ከሙዝ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ሙዝ ከሥሩ ልጅ እያወጣ ይስፋፋል፤ ኮባ ግን አምቾው ሆን ተብሎ ካልተከፈለ በቀር ብቻውን ይቆማል። ሥሩም ቀጫጭን ስለሆነ ግድግዳ አይሰነጥቅም። ይሁንና ትልቅ ነው፤ ቅጠሎቹ ብቻ ብዙ ሜትር ይዘረጋሉ። ስለዚህ አንድ ብቻ፣ ነፋስ በማይበረታበት ጥግ ይተከል። ነፋስ ያለበት ቦታ ላይ ቅጠሉ ይበጣጠሳል። ውርጭ የውጭ ቅጠሎቹን ቢያቃጥል ከመሐል አዲስ ያወጣል። ካበበና ካፈራ በኋላ እንደሚሞት ግን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ይህም ብዙ ዓመት ይወስዳል።

የሚከተሉት ደግሞ ከኮባ ያነሰ ቦታ የሚበቃቸው ናቸው።

እንሶስላ። እናቶች ለበዓልና ለሠርግ እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት የእንሶስላ ሥር ባለቤት የሆነው ተክል አበባው ምን ያህል እንደሚያምር ያላዩ ብዙ ናቸው። ቁመቱ እስከ 2 ሜትር የሚደርስ፣ ለስላሳ ግንድ ያለው ቁጥቋጦ መሰል ተክል ነው። አበባው ትልቅ፣ ነጭ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነው፤ መዓዛው ማታ ይሸታል። በአውሮፓም ልዩ ተክል ፈላጊዎች ያሳድጉታል። ጥላና እርጥበት ስለሚወድ ፀሐይ ለማያገኘው የግድግዳ ጥግ ይሆናል። በበጋ ውሃ ካጣ ግንዱ ከላይ ሊደርቅ ይችላል፤ ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ግን ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ራስ ክምር። የፈረስ ዘንግ የሚሉትም አሉ። ብርቱካናማ አበባዎቹ በቀጥታ በቆመ ዘንግ ዙሪያ እንደ ኳስ፣ ኳስ በላይ ኳስ ሆነው ይደረደራሉ። ከ1 እስከ 3 ሜትር ያድጋል። ድርቅ ይችላል፣ ከዘር ቶሎ ይበቅላል፣ ካበበ በኋላ አሳጥረው ቢቆርጡት በአዲስ ቅርንጫፍ ይመለሳል። ማር የሚመጥጡ ትናንሽ ወፎች ከእርሱ አይጠፉም።

አሜጃ። በከተማዋ ላይኛው ክፍል፣ ብርድ በሚበረታበት ለሚኖር ሰው ይህ ከሁሉም ይሻላል። በተፈጥሮው የደጋ ተራራ ተክል ስለሆነ ብርድ አያስደነግጠውም። ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠሎቹ መካከል ደማቅ ቢጫ አበባዎች ይፈነዳሉ። ከ2 እስከ 3 ሜትር ላይ በመከርከም ሊያዝ ይችላል።

ክትክታ። በየተራራው ስለምናየው እንንቀዋለን። ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ፣ አንጸባራቂ ቅጠል ያለው፣ ክንፍ ያላቸው ቀላ ያሉ ፍሬዎቹ ከሩቅ አበባ የሚመስሉ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሆነው ዓይነት ከተገኘ ደግሞ ከሌሎች አረንጓዴዎች መካከል ጎልቶ ይታያል። ድርቅ፣ ነፋስና ደካማ አፈር ይችላል፤ መቀስም ስለማይፈራ ጠባብ የአጥር ዳር ለመሸፈን ይሆናል።

አጋም። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ነጭ መዓዛማ አበባ፣ ሲበስል የሚበላ ጥቁር ፍሬ አለው። እሾኹ ብርቱ ነው፤ ስለዚህ መተላለፊያ ዳር ሳይሆን ሌባ ሊዘል በሚችልበት አጥር ሥር ቢሆን ይጠቅማል። ከተከልነው ተክል ወፍ እንኳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንልን በሐዲስ ተነግሮናልና የአጋምን ፍሬ ከወፎች ጋር መካፈል የሚከፋ አይደለም።

ከውጭ ከመጡት መካከልም አዲስ አበባን የለመዱ አሉ።

የገነት ወፍ። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ብርቱካናማና ሰማያዊ አበባው የወፍ ራስ ይመስላል። ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ቁመት ላይ የሚቆም፣ በማሰሮም የሚያድግ በመሆኑ ለኮንዶሚኒየም በረንዳም ይሆናል። ከዘር ከተነሣ ለማበብ ዓመታት ስለሚፈጅ የተከፈለ ጎጥ መግዛት ይሻላል። ሲገዛ መጠንቀቅ የሚያሻው፣ ነጭ አበባ ያለው ትልቁ ዘመዱ በችግኝነቱ እርሱን ስለሚመስል ነው። ያኛው እስከ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ወጥቶ ግቢ ይሞላል።

ቦትል ብራሽ። የአውስትራሊያ ተክል ነው። ቀይ አበባው የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ንብና ወፍ ይወደዋል፤ በጋውንም ይችላል። ቀጥ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ከ3 እስከ 4 ሜትር ላይ ሊያዝ ይችላል። ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ግን ዛፍ ስለሚሆን ለጠባብ ግቢ አይመረጥ። የሚከረከመው አበባው እንደረገፈ ነው።

ቡገንቪላ። መሬት የሌለው፣ ግድግዳ ብቻ ያለው ሰው ይትከላት። ቀለሟ የአበባ ሳይሆን አበባውን የሚከቡት ቅጠሎች ነው፤ እውነተኛዎቹ አበቦች መካከል ላይ ያሉት ትናንሽ ነጫጮች ናቸው። ሙሉ ፀሐይ ትፈልጋለች። ውሃ ሲበዛባት ቅጠል ታበዛለች፤ ስትጠማ ቀለም ታወጣለች። ረጅም እሾኽ ስላላት ከልጆች ዓይን ቁመት በላይ መምራት ይገባል።

ቁጥቋጦ የሚሆነው ሬት። ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣው ይህ የሬት ዓይነት ግንዱ ቅርንጫፍ እያወጣ እስከ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋል፤ ቀይ ብርቱካናማ አበባውን እንደ ችቦ ያቆማል። ቁራጩ ለጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ደርቆ ቢተከል ይይዛል። ውሃ በሚቋጥር መረሬ ላይ ግን ይበሰብሳል፤ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ያስፈልገዋል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የውርጭ ጉዳይ የለባትም፤ ፈተናው ሙቀትና ድርቅ ነው። እዚያ አሜጃና እንሶስላ አይሆኑም። በምትካቸው ሒናና ሮማን አሉ። ሒና ብርድ የማይወድ፣ ሙቀት የለመደ ቁጥቋጦ ነው፤ ትናንሽ አበቦቹ ይሸታሉ፣ ቅጠሉም ቤት ውስጥ ደርቆ ይፈጫል። አዲስ አበባ ላይ ተክለውት አልሆን ያላቸው ሰዎች ችግሩ እጃቸው ሳይሆን ብርዱ ነው።

ሮማን በቁርኣን ከተጠቀሱት ፍሬዎች አንዱ ነው። ቀይ አበባው፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠሉና ፍሬው አንድ ላይ ሲታዩ ከየትኛውም የጌጥ ተክል አያንስም። ብርድንም ድርቅንም ይችላል፤ ጥሩ ፍሬ የሚይዘው ግን ሞቃት ወራት በሚያገኝበት ቦታ ነው። ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ በ2 ሜትር ልዩነት አንድ ሁለት እግር ለትንሽ ግቢ ይበቃል። እንደ ደሴ ባሉ ቀዝቃዛ ከተሞች ደግሞ ለአዲስ አበባ የተባለው በአብዛኛው ይሠራል።

አወዳደቁ፣ አጠጣጡ

ለመትከል ምርጡ ጊዜ ዝናቡ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ዘግይቶ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳያወርድ በጋው ይደርስበታል። ጉድጓዱ ከችግኙ የአፈር እብጥ ሁለት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከእብጡ ቁመት ብዙ አይለፍ፤ አለዚያ ችግኙ ሰምጦ ግንዱ ይበሰብሳል። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ እየዞረ ተጠምጥሞ ከሆነ በእጅ መፍታት ወይም ውጩን በምላጭ መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ እንደ ተጠመጠመ ከተተከለ ከዓመታት በኋላም ነፋስ ይገነድሰዋል። መረሬ ላይ የሚተክል ሰው ደግሞ መሬቱን በሁለት ስንዝር ከፍ አድርጎ ይደልድል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ጠንካራ የሚባለውም ተክል ውሃ ይፈልጋል። በየቀኑ ላይ ላዩን ከማርጠብ ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ሙሉ ቀስ ብሎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ዙሪያውን ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል፤ ልባሱ ግን ግንዱን አይንካ።

ውሃ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ብዙዎቻችን ቤት በየቀኑ ወደ ፍሳሽ የሚሄድ ንጹሕ ውሃ አለ፦ የውዱእ ውሃ። ሳሙና ስለሌለበት ለተክል አይጎዳም። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ቢያደርግ፣ ለአንዱ 2 ሊትር ብቻ ቢታሰብ እንኳ በቀን 50 ሊትር ይሆናል። ይህ በሳምንት ለ20 ያህል ቁጥቋጦ በባልዲ የሚበቃ ነው። ሳፋ አስቀምጦ ማጠራቀም ወይም የመታጠቢያውን ቱቦ ወደ መደቡ ማዞር ይቻላል። በመስጊዶች ደግሞ መጠኑ ከዚህ በብዙ ስለሚበልጥ የግቢውን ተክል በሙሉ ሊያኖር ይችላል። በረኪና ወይም የልብስ ሳሙና ያለበትን ውሃ ግን ከዚህ ጋር መቀላቀል አይገባም።

ችግኝ መሸጫው ላይ

ሻጩ ዘንድ ስትደርሱ በመጀመሪያ ስሙን ጠይቁ፤ “የውጭ አበባ ነው” የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ስሙን ካላወቀ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ተመልከቱ፤ ነጭ ወተት ካፈሰሰና ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ እዚያው ተዉት። ቀጥሎ ያደገ ተመሳሳይ ተክል በአካባቢው የት እንዳለ ጠይቁ፤ ሄዶ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። በመጨረሻ ላስቲኩን ከታች ተመልከቱ፤ ወፍራም ሥር በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ከያዘ ችግኙ ቆይቷልና ሲነሣ ይጎዳል። ረጅሙን ሳይሆን ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ ከታች የበዛውን ምረጡ።

ለሦስት በአራት ሜትር ግቢ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ነፋስ በማይመታው ጥግ አንድ ኮባ፣ ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ዳር አንድ ክትክታ ወይም ራስ ክምር፣ በጥላው ግድግዳ ሥር እንሶስላ፣ በበሩ አጠገብ አንድ የገነት ወፍ። የቀረው ባዶ መሬት ባዶ ይሁን፤ ልጆች የሚሮጡበት፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት፣ በጉ የሚታሰርበት ነው። ተክሎቹ በሦስተኛው ዓመት ይሞሉታል።